የቼዝ አከፋፈት ለጀማሪ እናትና ልጅ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ አባባል ለቤት አያያዝና ለሥራ ብቻ ሳይሆን፣ በስልሳ አራት ቤቶች ላይ ለሚካሄደው የቼዝ ጨዋታም እንደሚሠራ ጨዋታውን አዲስ የጀመረ ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ይረዳዋል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ጨዋታው ሲጋመስ ወይም ሲያልቅ አይደለም። ገና ጠጠሮቹን ከተደረደሩበት ሳያወጣ፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች ውስጥ ነው።

ልጆች ቼዝን በትምህርት ቤት ክበብ፣ ከጓደኞቻቸው ወይም ከእጅ ስልክ ተምረው ወደ ቤት ይዘውት ይመጣሉ። ከሥራ ውላ የገባች እናት ገና ነጠላዋን ሳታስቀምጥ «እማዬ፣ ነይ እንጫወት» ስትባል፣ ወይም «እማዬ፣ የቱን መክፈቻ ልያዝ?» ተብላ ስትጠየቅ የምትመልሰው ሊጠፋት ይችላል። በመሆኑም በዛሬው ዓምዳችን አንድ ጀማሪ የቼዝ አከፋፈትን እንዴት መምረጥ እንደሚገባው፣ ምን ይዞ ምን ለጊዜው ቢተው እንደሚሻል እንመለከታለን።

መክፈቻ ማለት ምን ማለት ነው?

መክፈቻ የሚባለው ሁለቱ ተጫዋቾች ሠራዊታቸውን ከመነሻው አውጥተው ለፍልሚያ የሚያሰልፉበት የጨዋታው የመጀመሪያ ክፍል ነው። ነጭ በመጀመሪያው ተራው ሊያደርገው የሚችለው እርምጃ ሃያ ዓይነት ነው፤ አሥራ ስድስቱ የወታደር፣ አራቱ የፈረስ ናቸው። ጥቁርም እንዲሁ ሃያ ምርጫ አለው። ስለሆነም ሁለቱ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ሲንቀሳቀሱ ሰሌዳው 400 ዓይነት መልክ ሊይዝ ይችላል። ሁሉንም በቃል ለመያዝ የሚሞክር ሰው ውቅያኖስን በጭልፋ ለመጨለፍ እንደ ተነሣ ይቆጠራል።

ከዚህ በታች የምንሰጠውን ምሳሌ ለመከተል የቤቶቹን አጠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በነጭ በኩል ለተቀመጠ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ያሉት ስምንት ዓምዶች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤች ይባላሉ። ከነጭ ወደ ጥቁር ያሉት ረድፎች ደግሞ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። የነጭ ንጉሥ ኢ1 ላይ፣ ንግሥቷ ዲ1 ላይ ይቆማሉ። ከእነርሱ ግራና ቀኝ በሰያፍ የሚሄዱት ጳጳሳት፣ ቀጥሎ ፈረሶች፣ በጠርዙ ላይ ቀጥ ብለው የሚሄዱት ግንቦች ይሰለፋሉ። ከፊታቸው ስምንት ወታደሮች አሉ።

አንዲት እናት የነገሩን

በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ የሆኑ የሁለት ልጆች እናት ያጫወቱን ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው በትምህርት ቤቷ የቼዝ ክበብ ከተመዘገቡት ጥቂት ልጃገረዶች አንዷ ነበረች። በሦስተኛው ሳምንት ሰሌዳውን አልጋ ሥር አስገብታ «ከእንግዲህ አልጫወትም» አለች። ምክንያቱን ስትጠየቅ መጀመሪያ ዝም አለች። ኋላ ግን በተከታታይ ሦስት ጊዜ በአራት እርምጃ ብቻ መሸነፏን፣ የከበቡት ልጆችም መሳቃቸውን አለቀሰች እንጂ አልተናገረችም ለማለት በሚቻል ሁኔታ ገለጠች።

«አክስቷ ቤት ነበረች» ይላሉ እናትየዋ። «‹ተያት፣ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል? ይልቅ ትምህርቷን ታጥና› አለችኝ። እኔ ግን የጨዋታው መቅረት አልነበረም ያሳሰበኝ። ልጄ አንድ ነገር ሲከብዳት አልጋ ሥር መጣል ከለመደች፣ ነገ ሒሳቡንም እዚያው ትጥለዋለች ብዬ ፈራሁ።»

እኚህ እናት ቼዝ አያውቁም ነበር። ማታ ማታ እራት ከተነሣ በኋላ ከልጅቷ ጋር ተቀምጠው ጠጠሮቹ እንዴት እንደሚሄዱ ከእርሷው ተማሩ። ነገሩን ሲመረምሩ ልጅቷ የአንድ አከፋፈት አሥራ አምስት እርምጃ በደብተር ገልብጣ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ስትሸመድድ መክረሟን አገኙ። ተጋጣሚዋ በሁለተኛው እርምጃ ደብተሩ ላይ የሌለ ነገር ሲያደርግ ግን የምትይዘውን የምትጨብጠውን ታጣለች። «እርምጃውን ታውቀዋለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አታውቅም» ሲሉ ሁኔታውን ባጭሩ አስረድተውናል።

ደብተሩን ወደ ጎን አድርገው ከመጀመሪያው ተነሡ። ከሁለት ወር በኋላ ልጅቷ ወደ ክበቡ ተመለሰች። አላሸነፈችም፤ ነገር ግን የተሸነፈችው በአራተኛው ሳይሆን በሠላሳኛው እርምጃ አካባቢ ነበር። ቤት እንደ ገባች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ፈረሴን ባልመልሰው ኖሮ እኮ...» እያለች ጨዋታውን ለእናቷ መተረክ ጀመረች። እናትየዋ ድል ብለው የቆጠሩት ይህንን ነው።

ከስም በፊት ደንቡ

መክፈቻዎች ብዙ ስም አላቸው፤ የጣሊያን፣ የስፔን፣ የፈረንሳይ፣ የሲሲሊ እየተባሉ ይጠራሉ። ጀማሪ ግን ከስሞቹ በፊት የሁሉም መሠረት የሆኑትን አራት ደንቦች መያዝ ይገባዋል።

አንደኛ፦ መካከሉን መያዝ። ኢ4፣ ዲ4፣ ኢ5 እና ዲ5 የሰሌዳው አደባባይ ናቸው። አደባባዩን የያዘ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ለመድረስ ይቀርበዋል።

ሁለተኛ፦ ፈረሶችንና ጳጳሳትን ቶሎ ማውጣት። ከጂ1 ወደ ኤፍ3 የወጣ ፈረስ ስምንት ቤቶችን ይቆጣጠራል። ያው ፈረስ ወደ ጠርዝ፣ ወደ ኤች3 ቢወጣ የሚቆጣጠረው አራት ብቻ ነው። አንድን ጠጠር ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ ማንቀሳቀስ ሌሎቹን ሥራ ፈት ያደርጋቸዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለቼዝም ነው፤ ብቻውን የዘመተ ጠጠር አይረባም።

ሦስተኛ፦ ንጉሡን ማስጠለል። ንጉሡና ግንቡ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ፣ በመካከላቸውም ምንም ጠጠር ከሌለ፣ ንጉሡ ሁለት ቤት ወደ ግንቡ ይሄድና ግንቡ ተሻግሮት ከጎኑ ይቆማል። ንጉሡ ቼክ ላይ ሆኖ፣ ወይም ጠላት በሚቆጣጠረው ቤት በኩል አልፎ፣ ወይም እዚያው ላይ ለማረፍ ይህን ማድረግ አይቻልም። ይህ በአንድ እርምጃ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ንጉሡ ከአደባባዩ ወደ ጓዳ ሲገባ ግንቡ ወደ መካከል ይቀርባል። በአሥረኛው እርምጃ ንጉሡ ገና መካከል ላይ ካለ አንድ ነገር ተረስቷል ማለት ነው።

አራተኛ፦ ንግሥቷን ያለ ጊዜዋ አለማውጣት። ንግሥት ከሁሉ የበረታች ስለሆነች ከሁሉም ትፈለጋለች። ቀድማ ከወጣች የተጋጣሚው ፈረሶችና ጳጳሳት እርሷን እያሳደዱ ለራሳቸው ጥሩ ጥሩ ቦታ ይይዛሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው።

በአራት እርምጃ ላለመሸነፍ

ከላይ የጠቀስናትን ልጅ ያስለቀሳት ነገር በዓለም ዙሪያ ጀማሪን ሁሉ የሚያስለቅስ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4፣ ጥቁር ወደ ኢ5። ነጭ ጳጳሱን ወደ ሲ4፣ ጥቁር ፈረሱን ወደ ሲ6። ነጭ ንግሥቷን ወደ ኤች5 ያወጣል። ጥቁር ሳያስተውል ሁለተኛ ፈረሱን ወደ ኤፍ6 ካወጣ፣ ንግሥቷ ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር በልታ ማት ታደርጋለች። ጳጳሱ ከሲ4 ስለሚደግፋት ንጉሡ ሊበላት አይችልም። ኤፍ7 በመነሻው ላይ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የሌለው ቤት በመሆኑ ጥቃቱ ሁልጊዜ የሚያነጣጥረው ወደዚያ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ንግሥቷ ኤች5 ላይ ስትደርስ ጥቁር የጂ ወታደሩን ወደ ጂ6 ገፍቶ ያባርራታል። እርሷ ወደ ኤፍ3 ሸሽታ እንደገና ኤፍ7ን ስትመለከት ያን ጊዜ ፈረሱ ወደ ኤፍ6 ወጥቶ መንገዷን ይዘጋል። አሁን ጥቁር ሁለት ፈረስ አውጥቷል፤ የነጭ ንግሥት ግን የራሷ ፈረስ የሚወጣበትን ቤት ዘግታ ቆማለች። ያጠቃው ከተጠቃው የባሰ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ነጭ ገና በሁለተኛው እርምጃ ንግሥቷን ኤች5 ላይ ካመጣ ወዲያው ጂ6 ማለት አይገባም። ንግሥቷ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር በልታ ቼክ ትልና ቀጥሎ በጠርዝ ያለውን ግንብ ትወስዳለች። ስለዚህ መጀመሪያ ፈረሱን ወደ ሲ6 አውጥቶ ኢ5ን መጠበቅ፣ ማባረሩን ኋላ ማድረግ ነው። ሽንኩርቱ ሳይቁላላ በርበሬው እንደማይገባ ሁሉ፣ በቼዝም ቅደም ተከተሉ ራሱ ሙያ ነው።

ነጭን ለያዘ ጀማሪ

ለነጭ ሁለት ምርጫ እናቀርባለን። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መያዝ ይበቃል።

የመጀመሪያው የጣሊያን አከፋፈት ነው። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5፤ ነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ ጥቁር ፈረስ ሲ6፤ ነጭ ጳጳስ ሲ4። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖረው ጣሊያናዊው ጆአኪኖ ግሬኮ ጽፎ ከተዋቸው ጨዋታዎች ብዙዎቹ በዚህ የሚጀምሩ ናቸው። ለጀማሪ የሚመረጠው እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያቱን ራሱ ስለሚናገር ነው። ወታደሩ አደባባዩን ያዘ፤ ፈረሱ የጥቁርን ወታደር አስፈራራ፤ ጳጳሱ ደካማውን ኤፍ7 ተመለከተ፤ ንጉሡም ለመጠለል መንገዱ ተከፈተ። ጥቁር ጳጳሱን ወደ ሲ5 ቢያወጣ ነጭ ንጉሡን ያስጠልላል፤ ቀጥሎ ወታደሮቹን ወደ ዲ3 እና ወደ ሲ3 ይገፋል። ሲ3 ላይ ያለው ወታደር ኋላ ዲ4ን ለመያዝ ድጋፍ ይሆናል።

ሁለተኛው የለንደን አሰላለፍ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1922 ለንደን ላይ ከተካሄደው ታላቅ ውድድር ነው። ነጭ ወታደሩን ወደ ዲ4 ከገፋ በኋላ ጳጳሱን ወደ ኤፍ4፣ ቀጥሎ ወታደሩን ወደ ኢ3፣ ፈረሱን ወደ ኤፍ3፣ ሌላውን ጳጳስ ወደ ዲ3፣ ወታደሩን ወደ ሲ3 ያደርጋል። ጳጳሱ ከኢ3 በፊት መውጣት አለበት፤ አለዚያ የራሱ ወታደር በሩን ይዘጋበታል። የዚህ አሰላለፍ ጥቅሙ ጥቁር ምንም ቢመልስ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኖ መቆየቱ ነው። ለጥናት ብዙ ሰዓት ለሌላት ሠራተኛ እናት ይስማማል። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፤ የተጋጣሚን እርምጃ ሳይመለከቱ በልማድ የመደርደር ስንፍና ያስከትላል። ለምሳሌ ጥቁር ወታደሩን ወደ ሲ5፣ ንግሥቷን ወደ ቢ6 ካመጣ፣ ጳጳሱ ጥሎት የሄደው ቢ2 ላይ ያለው ወታደር አደጋ ላይ ነው።

ከኢ4 እና ከዲ4 የቱን? ኢ4 ጨዋታውን ቶሎ ስለሚከፍተው ስሕተትም ቅጣትም ፈጥኖ ይታያል፤ ስለዚህ ልጅ ከእርሱ ብዙ ይማራል። ዲ4 በአብዛኛው ረጋ ይላል። አማራጭ ከጠፋ ለልጅ ኢ4፣ ለተዳከመች እናት ዲ4 ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ጥቁርን ለያዘ ጀማሪ

ጥቁር ሁለተኛ ስለሚንቀሳቀስ ለሁለት ነገር መዘጋጀት አለበት፤ ለኢ4 እና ለዲ4።

ለኢ4 ቀጥተኛው መልስ ኢ5 ነው። ፈረሶቹ በሲ6 እና በኤፍ6፣ ጳጳሱ በሲ5 ወይም በኢ7 ወጥተው ንጉሡ ይጠለላል። ከዚህ የበለጠ ጠንካራ ግድግዳ ለሚፈልግ ካሮ-ካን የሚባለው አለ። ስሙ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ አከፋፈቱን ያጠኑት የሆራሺዮ ካሮና የማርኩስ ካን ስም ነው። ጥቁር ለኢ4 በሲ6 ይመልስና ነጭ ዲ4 ሲል እርሱ ዲ5 ይላል። የፈረንሳይ መከላከያ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ በሲ6 ፈንታ ወታደሩ ወደ ኢ6 ይሄዳል። ልዩነቱ ጳጳሱ ላይ ነው። በፈረንሳዩ የሲ8 ጳጳስ ከገዛ ወታደሩ ጀርባ ይታሰራል፤ በካሮ-ካን ግን ብዙ ጊዜ ወደ ኤፍ5 የሚወጣበት መንገድ ያገኛል። ስለሆነም ለጀማሪ የኋለኛው ይቀላል።

ለዲ4 ደግሞ ዲ5 ብሎ መመለስ ይበቃል። ነጭ ወታደሩን ወደ ሲ4 ሲገፋ የንግሥት ጋምቢት ይባላል። ጋምቢት የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ በእግር ጠልፎ መጣል ነው። ወታደሩ በነጻ የተሰጠ ይመስላል እንጂ ጥቁር ቢበላው ነጭ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ያገኘዋል። ጀማሪ ሳይበላ ወታደሩን ወደ ኢ6፣ ፈረሱን ወደ ኤፍ6፣ ጳጳሱን ወደ ኢ7 አድርጎ ንጉሡን ቢያስጠልል አይጸጸትም።

የሲሲሊ መከላከያ፣ ማለትም ለኢ4 በሲ5 መመለስ፣ ዝነኛና ብርቱ ነው። ሆኖም ቅርንጫፉ እጅግ ስለሚበዛ ለሁለተኛው ዓመት ማቆየት ይሻላል። ከላይ ያነሣናት ልጅ በደብተር የገለበጠችውም እርሱኑ ነበር።

በገዛ አገራችን ጨዋታ

ስለ አከፋፈት ስንናገር የአገራችንን ሰንጠረዥ መርሳት አይገባም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ታሪኩንና ደንቡን በሰፊው አቅርበውታል። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባል ነበር። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ ወገን የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፈለጉ በየራሳቸው ፍጥነት ያሰልፋሉ። ተጫዋቹ እጁን በራሱ ጠጠር ላይ አድርጎ ዓይኑን ከባላጋራው አሰላለፍ ላይ አይነቅልም። ዛሬ ጀማሪውን «አሰላለፍህን እያሳመርክ የባላጋራህን ተመልከት» የምንለው ምክር አባቶች በወረራ ሲሠሩበት የኖሩት ነው።

«ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?»

የአክስትየዋ ጥያቄ በብዙ ቤት የሚነሣ ስለሆነ መልስ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1927 የመጀመሪያዋ የዓለም የሴቶች ሻምፒዮን የሆነችው ቬራ ሜንቺክ በ1929 ካርልስባድ ላይ ከታላላቅ ወንዶች ጋር ልትወዳደር ስትቀርብ፣ አልበርት ቤከር የተባለ ተጫዋች በእርሷ የሚሸነፍ ሁሉ «የቬራ ሜንቺክ ክበብ» አባል ይሁን ብሎ ቀለደ። የመጀመሪያው አባል ራሱ ሆነ። ኋላ በ1935 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ማክስ ኡዌም በእርሷ ከተሸነፉት አንዱ ነው።

ጆርጂያዊቷ ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊ ከ1962 እስከ 1978 የዓለም የሴቶች ሻምፒዮን ነበረች፤ በ1978 ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና የግራንድ ማስተር ማዕረግ አገኘች። በ2020 በወጣው «የንግሥት ጋምቢት» በተሰኘው ተከታታይ ፊልም ውስጥ ከወንዶች ጋር ገጥማ እንደማታውቅ ተደርጎ ሲነገር፣ በሰማንያ ዓመት ዕድሜዋ በ2021 ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ጉዳዩም በ2022 በስምምነት ተዘጋ። ሃንጋሪያዊቷ ዩዲት ፖልጋር ደግሞ በ1991፣ በአሥራ አምስት ዓመት ከአራት ወሯ፣ ግራንድ ማስተር ስትሆን በዚያን ጊዜ ከወንድም ከሴትም በዕድሜ ትንሿ ነበረች። ለሴት ልጅ ምን እንደሚያደርግላት ከእነዚህ በላይ የሚመሰክር አይኖርም።

በሳምንት ሦስት ግማሽ ሰዓት

የቤት ሥራና የመሥሪያ ቤት ሥራ ያለባት እናት ብዙ ጊዜ የላትም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን የተመረጠውን መክፈቻ ስድስት እርምጃ ብቻ እያወጡ፣ በእያንዳንዱ ላይ «ይህ ለምን?» ብሎ መጠያየቅ። በሁለተኛው ቀን ጨዋታውን መጫወትና እርምጃዎቹን በደብተር መጻፍ። በሦስተኛው ቀን የተጻፈውን መልሶ እየደረደሩ መጀመሪያ የተሳሳቱበትን እርምጃ መፈለግ። ሰሌዳ መግዣ ከሌለ ካርቶን ላይ ስልሳ አራት ቤት ማስመርና፣ ለዳማ እንደሚደረገው ሁሉ፣ በቆርኪ ላይ የጠጠሮቹን ምልክት መለጠፍ ይቻላል።

አንድ ጊዜ የተያዘን አከፋፈት በሁለት ሽንፈት መለወጥ ትልቁ የጀማሪ ስሕተት ነው። ቢያንስ ሃያ ጨዋታ ሊሞከርበት ይገባል። ሽንፈቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአከፋፈቱ ሳይሆን ከአራቱ ደንቦች አንዱን ከመርሳት ነው።

በመጨረሻም ለእናቶች የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ልጅ ከክበብ ሲመለስ «አሸነፍህ?» ወይም «አሸነፍሽ?» ብሎ መቀበል የተለመደ ነው። በዚህ ፈንታ «ስንተኛው እርምጃ ላይ ከበደሽ?» ቢባል፣ የተሸነፈ ልጅም የሚመልሰው ነገር ያገኛል። መልስ ያለው ልጅ ደግሞ ሰሌዳውን አልጋ ሥር አይጥልም።